የጆሳያ የፈረስ ጫማ

አሌክሳንድሪያ (አሜሪካ)፣ ኦክቶበር 2011

ውድ ወንድሜነህ፦

በጤናህ መጀመር ነበረብኝ። ደህና እንደሆንክ ግን አውቃለሁ፤ የእኔን ቁጥር እያየህ ስልክ ለመዝጋት የሚበቃ ጤና አለህ። «ውድ» ያልኩህም ወጉን ላለማፍረስ ነው፤ የአጎቴ ልጅ ነህ፣ አባትህ ጋሼ ዓባይነህ ቤት ከአንድ ትሪ እየበላን ነው ያደግነው። ስልክ ባታነሳ ደብዳቤ ታነባለህ። ከልጅነትህ ጀምሮ የሰው ደብዳቤ እንኳ ሳታነብ አልፈህ አታውቅም።

ነገሩን ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ፤ አንተ ለሰው የምታወራው ሌላ ስለሆነ። ጋሼ ብቸና አርፈው ሲልቨር ስፕሪንግ መርዶህን የሰማህ ሰሞን ደወልክልኝ። «ሰርኬ፣ የምትሠሪላቸው ሰውዬ ጋ አንቲክ ጠመንጃ አለ አላልሽኝም? ያገራችን ሰዎች ለቅሶው ላይ ሊፎክሩ ነው፣ በባዶ እጃቸው! ለአንድ ቀን ብቻ፣ ፕሊስ፣ አታሳፍሪኝ» አልከኝ። ጋሼ ጠመንጃ እንዳልነበራቸው እኔም አንተም እናውቃለን። ሐዘንተኛ ስለሆንክ ግን አንጀቴ አልቻለም።

አንተ ሚስተር ክላረንስን አታውቃቸውም። እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ ሰፈር አንድ አፓርትመንት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ የሰማንያ ስድስት ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። መድኃኒታቸውን እየሰጠሁ፣ ገላቸውን እያጠብኩ አራት ዓመት አብሬያቸው አለሁ። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ጠዋት ቁርሳቸውን ከበሉ በኋላ ያንን ጠመንጃ ጭናቸው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ ወሬያችንም ከዚያ ይጀምራል።

የቅድመ አያታቸው የጆሳያ ነው። ከባርነት ነፃ በወጣ በጥቂት ዓመቱ ጆሳያ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ተቀጠረ፤ የያዘውም የ1873 ሞዴል ስፕሪንግፊልድ ካርባይን ነበር። (እኛ እንጀራ የምንገዛበት ስፕሪንግፊልድ እንዳይመስልህ፤ ማሳቹሴትስ ያለው ነው።) ኮርቻ ላይ እንዲመች ከእግረኛው ጠመንጃ ያጠረ፣ በጎኑ ባለው ቀለበት ከማንገቻው ጋር የሚያያዝ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነው። የመዳቡ ቀለህ ሲግል ውስጡ እየተጣበቀ፣ ወታደሩ ጥይት እየዘነበበት በቢላ ይቆፍር ነበር አሉኝ። ሚስተር ክላረንስ ከቀይ ሕንዶች ጋር በተደረገው በዚያ ጦርነት አይኩራሩም። «ነፃ አወጡትና የሌላውን ሰው መሬት እንዲያስለቅቅ ላኩት» ነው የሚሉት። የጆሳያ ዋና ሥራ ግን መተኮስ ሳይሆን የክፍሉን ፈረሶች ኮቴ ላይ ብረት መቸንከር ነበር። ሰደፉ ላይ የስሙን ሁለት ፊደሎችና አንዲት ትንሽ የፈረስ ጫማ በቢላው ቀረጸ። ፎቶግራፍ የለውም፣ መቃብሩም አይታወቅም። ሚስተር ክላረንስ በየጠዋቱ አውራ ጣታቸውን የሚያሳርፉት እዚያች የፈረስ ጫማ ላይ ነው።

ስለ ለቅሶው ስነግራቸው አላቅማሙም። «አባቱ የሞተበት ሰው እጁ ባዶ መሆን የለበትም። ውሰጂለት። ጆሳያን ብቻ መልሺልኝ» አሉኝ። እኔም ቃሌን ሰጠሁ።

ለቅሶው አልፎ ጠመንጃውን መልስልኝ ስልህ «ነገ ኮል አደርግሻለሁ» መጣ። ከዚያ «ዚስ ዊክ ኦቨርታይም ላይ ነኝ» መጣ። በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ሳልነግርህ አስፐን ሂል ቤትህ መጣሁ። ጠመንጃው ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ሰደፉ እንደ አዲስ ቁም ሣጥን ያብረቀርቃል። ጆሳያ በቀረጸበት ቦታ በትልልቁ ተቀርጾ «ፊታውራሪ ዓባይነህ» ይላል። አንተም ሶፋው ላይ ለተቀመጡት እንግዶችህ «አባቴ ከጣሊያን የማረኩት ነው» እያልክ ነበር።

«ምንድን ነው ያደረግከው?» አልኩህ።

«ሪፊኒሽ አደረግሁት። ቆሽሾ ነበር እኮ! አሳመርኩት እንጂ ምን አጠፋሁ?»

«እዚህ ላይ የነበረውስ?»

«ስክራች ነገር ነበር፤ በብርጭቆ ወረቀት ለቀቀልኝ።» ፊቴን ስታይ ደግሞ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ሰውዬው አያዩም አላልሽም እንዴ?» አልከኝ።

ወንድሜነህ፣ ይህን ያልከው አንተ ነህ? ጋሼ ያሳደጉህ አንተ?

ጋሼ እኮ ጣሊያን ሲገባ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ! ብረቱ ላይ የአሜሪካ ንስር ታትሞበት እያለ የቱን ጣሊያን ነው የማረኩት? ይሄ እንኳ ያስቃል። ደሜን ያፈላው በአባትህ ማፈርህ ነው። አባትህ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበሩ። አባ ሰንጋ በገባ ጊዜ የመርፌ ሣጥናቸውን ተሸክመው ቆላ ወርደው፣ እግራቸው ቆስሎ ሲመለሱ ውሃ አሙቀን ያጠብናቸው እኔና አንተ ነን። ለቅሶው ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «የአባቴን በሬዎች ያተረፉልን እሳቸው ናቸው» ብሎ ሲንሰቀሰቅ አንተ ጠመንጃው በፎቶ እንዲገባ ሰው ታስጠጋ ነበር። እኔን በሰው ፊት አደራ በላ አደረግከኝ። በአንድ እንጨት ላይም ሁለት ሰው ፋቅህ፤ ጆሳያንና የገዛ አባትህን።

ጠመንጃውን ከግድግዳህ አውርጄ በአንሶላ ጠቅልዬ ወጣሁ። አልደብቅህም፣ መንገድ ላይ «አያዩም እኮ» የሚለው ያንተ ቃል ለእኔም ጣፍጦኝ ነበር። ያፈርኩት በዚህ ጭምር ነው።

ሰኞ ጠዋት ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። አውራ ጣታቸው እንደ ልማዱ ሄደ። ፈለገ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ፈለገ።

«ሰርክ፣ ጆሳያ የት ሄደ?» አሉኝ።

እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም አለቀሱ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ጣታቸውን አዲሱ ጽሑፍ ላይ አድርገው «ይሄስ ምን ይላል?» አሉ። አነበብኩላቸው፤ ፊታውራሪ ማለት የጦር አዛዥ እንደሆነም ነገርኳቸው።

«አዛዥ ነበሩ?»

«የለም። ከብት ይከትቡ ነበር።»

«ፈረስም ያክሙ ነበር?»

«ፈረስም፣ በቅሎም፣ በሬም።»

«ታዲያ ልጁ ለምን አዛዥ አደረጋቸው? ምን ጎደላቸው?»

መልሱ አንተ ጋ ነው።

ሚስተር ክላረንስ ያሉት ይህን ነው፦ እንጨቱ ሳስቷል፣ ከእንግዲህ ማንም አይፋቅ። ያባትህ ስም እንዳለ ይቆይ። አንተ ቢላ ይዘህ ትመጣለህ፤ ከስሙ ጎን ሁለቱን ፊደሎችና የፈረስ ጫማዋን መልሰህ ትቀርጻለህ። መጠኗን የእሳቸው አውራ ጣት ያውቃታል፤ እጅህን ይዘው ያሳዩሃል። እየቀረጽክም ስለ አባትህ እውነቱን ትነግራቸዋለህ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላንድማርክ ና። ፊታውራሪውን ቤትህ ትተኸው ና። እሳቸው ይቅር ብለውሃል። እኔ ገና አላልኩም፤ አጠገብህ ቁጭ ብዬ እጅህን አያለሁ፣ አንዲት ቃል ስትዋሽም አቋርጥሃለሁ።

የአባትህን እግር አብራህ ያጠበች፣
ሰርክአዲስ