ለክርክር የጻፍኩት፣ ሰንበቴ ላይ የተነበበው

ይድረስ ለወንድም ዓለም ለምሥጋናው፣ ካለህበት ጅቡቲ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ወገቤን ያመኛል ያልከው ተሻለህ ወይስ ዛሬም ወደቡ ላይ ጆንያ ተሸክመህ ነው የምትውለው? ምግቡስ፣ መኝታውስ፣ አብረውህ ያሉት ልጆችስ ደኅና ናቸው? እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። አባባ አሉ፤ ትንሿ እህታችን ይማርሽ አለች፤ ላሟም ወልዳለች። ሰላምታዬን እዚህ ላይ ገታ ላድርገው፣ ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር ቀድሞ ልውጣ እያለኝ ነው።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድብህ አትፍረድብኝ፤ መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ስክሪብቶ መያዝ አቅቶኛል። ምክንያቱን ትደርስበታለህ። በስልክ ያልጻፍኩልህም ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ከእንግዲህ ለአንተ የምነግርህን ሁሉ በወረቀት ብቻ ለማድረግ ቆርጫለሁ። ጋሸና ድረስ ሄጄ ለሹፌሩ ለበድሩ እሰጠዋለሁ፤ እሱ እንደታሸገ ያደርስልሃል፣ እንደ አንተ ለአገር ምድሩ አይበትነውም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ አንተ ከጫፉ ነውና የያዝከው። መምህር ሰጠኝ ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ዜጋ የሚያስተምሩን ናቸው። ክፍላችን ስልሳ አምስት ተማሪ ነው። ሲጠይቁ የሚመልሱት አራት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ እኛ ሴቶቹ ነጠላችንን አፋችን ላይ አድርገን እንውላለን። ይኼ ሲሰለቻቸው ፌስቡክ ላይ ለክፍሉ አንድ ግሩፕ ከፈቱና ከእንግዲህ ውይይታችን እዚያ ነው፣ ያልጻፈ ሰው ከሃያው ነጥብ አንዷንም አያገኛት አሉን። ስልክ ያለው ስንቱ ነው? መቼም አንድ ለአምስት ተደራጅተናል፤ የቡድናችን ጠርናፊ ኪዳን ስልክ ስላለው እሷን ለአምስት እየተቀባበልን፣ እያንዳንዳችን በየስማችን እየገባን ስንጽፍ ከረምን። ኔትወርክ ሲጠፋ በአሸተን ማርያም መንገድ ሽቅብ እንወጣለን። አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ስሜን ስጠራ እንኳ አፌ የሚተሳሰረው እኔ፣ እዚያ ስጽፍ የሚያቋርጠኝ አልነበረም።

በሚያዝያ የመጣው የክርክር ርእስ ተዝካር ነበር፤ ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚል። ወገን የምንመርጠው እኛ አይደለንም፣ መምህሩ ናቸው የሚመድቡን። በመጀመሪያው ሳምንት ይቅር ከሚሉት ጋር መደቡኝ፤ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ተገልብጬ ይቀጥል እንድል። እኔም የሰው ታሪክ ከምዋስ ብዬ የእማማን ተዝካር ጻፍኩ። ከጥንዶቹ በሬዎች አንዱን አርደን እንዳበላን፣ አባባ በአንድ በሬ እንደቀሩ፣ አንተም በዚያው ዓመት ጅቡቲ እንደወረድክ ጻፍኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ከዳሱ ያልወጣ ጎረቤት እንደነበረም ጨመርኩበት። ስም ግን አልጠራሁም። የማንንም ስም አልጠራሁም!

አንተስ ምን አደረግክ? አነበብከው፣ በእህትህ ኮራህ፤ ይኼ ይገባኛል። ላወቅከው ሁሉ ሼር አደረግከው፤ ይኼም ይሁን። ከላዩ ላይ ግን በገዛ እጅህ፣ ያ ከዳሱ አልወጣም ያለው አያ አረጋ ናቸው፣ ሃሃሃ ብለህ ጻፍክበት። ምኑ ነው የሚያስቀው ምሥጋናው? ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይኼ አይደለም? አያ አረጋ ሦስት ቀን ከዳሱ ያልወጡት በሬውን የሚያርድ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ እንግዳ የሚያስተናግድ ሌላ ሰው ስላልነበረን መሆኑን ረሳኸው? እኔም ብሆን ክርክሬ እንዲያምርልኝ ብዬ ይህን ሳልጽፍ አልፌዋለሁ፤ ጥፋቴን አልክድም። ግን ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ የኛ አንድ በሬ ያረሰው ከማን በሬ ጋር ተቀናጅቶ ነው? ከአያ አረጋ አይደለም? አንድ ቀን እንኳ ዘንድሮ አይመቸኝም ብለውን ያውቃሉ?

ግንቦት ልደታ ባለፈ በሳምንቱ እሑድ፣ ገነተ ማርያም ሰንበቴው ላይ ሰው ዳቦውን ቆርሶ ጠላውን ይዞ እንደተቀመጠ፣ ከወልድያ ለጥየቃ የመጣ አንድ የቄስ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አነበበው። የኔን ቃል ከአንተ ሃሃሃ ጋር አድርጎ ነው ያነበበው። ኧረ ይኼ የትምህርት ቤት ክርክር ነው፣ ወገኗንም የመደቧት መምህሯ ናቸው የሚል ማን ይኑር? በእኛ አገር ሰው የተናገረው ቃሉ ነው። ዛሬ እንዲህ በል፣ ሳምንት ደግሞ እንዲያ በል ተብሎ የሚመደብ ሰው ማን ያውቃል? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አያ አረጋ የጠላውን ዋንጫ አስቀምጠው ተነሥተው ወጡ። በማግሥቱ በሬያቸውን ከሌላው ጎረቤታችን ከሞላ በሬ ጋር አቀናጁት። የገብስ መዝሪያ ሊደርስ ሲል አባባ በአንድ በሬና በባዶ ቀንበር ቀሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስማ። አባባ፣ ፊደል ያልቆጠሩት፣ ፌስቡክ የሚባለውን በዓይናቸው አይተው የማያውቁት አባባ፣ ከጓሯችን ድንጋይ አንሥተው በጫንቃቸው ተሸከሙና ጎንበስ ብለው፣ መንደርተኛው እያየ፣ አያ አረጋ ደጅ ሄዱ። እኔ ልሸከም ብዬ ብለምናቸው ልጅ ሲያጠፋ የሚሸከመው አባት ነው ብለው ገፉኝ። የጻፍኩት እኔ፣ ስም የጠራኸው አንተ፣ ድንጋዩ ግን የሳቸው! አያ አረጋ ትልቅ ሰው ናቸውና ድንጋዩን ከጫንቃቸው አውርደው ይቅር ለእግዜር ብለዋል። በሬው ግን ለሞላ ቃል ተገብቶበታል፤ እስከ ሐምሌ አይለቀቅም። ስለዚህ ማሳውን በዶማ እየቆፈርን ነው። ዓርብ ከክፍል ስወጣ ወደ ቤት እገሠግሣለሁ፤ ቅዳሜን አባባ ከፊት፣ ይማርሽና እኔ ከኋላ ሆነን ስንቆፍር እንውላለን። እስካሁን ግማሹ እንኳ አልተገለበጠም። የእጄ ነገር ይኸው ነው።

መምህር ሰጠኝንም አልማርኳቸውም። ግሩፑ የክፍላችን ብቻ ነው ብለውን ለምን በሩን ለሁሉ ክፍት ተዉት ብዬ ቢሯቸው ድረስ ገባሁ። መምህር ፊት ቆሜ ስጮህ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸው ስም አለመጥራቴን አመስግነው፣ ጥፋቱ ሼር ያደረገው ሰው ነው አሉና ሃያ ከሃያ ሰጡኝ። ሃያውን ምን ላድርገው? ቀንበር ላይ ልጥመደው? ሁለተኛውን ሳምንት የጻፍኩትን፣ ሦስት ቀን ከዳስ የማይወጣ ጎረቤት ለሐዘንተኛ ምን ማለት እንደሆነ የጻፍኩትን ግን አንተም ሼር አላደረግከው፣ የቄሱም ልጅ አላነበበው።

ባለፈው ቅዳሜ ከቁፋሮ አረፍ ስንል ሁለቱንም በወረቀት ገልብጬ ለአባባ አነበብኩላቸው። ሁለተኛውን ሲሰሙ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ዶማቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ እውነቱ የፊተኛው ነው አሉኝ። በሬውን ከበረት ሲያወጡት አንተም እንደምትሄድባቸው ያን ዕለት እንደታወቃቸው፣ ከልጆቻቸው አንዱ ይቅርብዎ ቢላቸው ኖሮ በሬው እንደማይታረድ ነገሩኝ። ያን ጊዜ ሁለታችሁም አፍ ነበራችሁ፣ መናገር ለኔ ነበር አሉኝ። ዶማቸውን አንሥተውም ወደ ቁፋሯቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በአንተ መናደዴን ሳልተው በራሴም እናደዳለሁ።

እንግዲህ ስማኝ። ያንን ሃሃሃ ከፌስቡክ ላይ አጠፋሁት ብለህ አትጻፍልኝ፤ አጠፋህም አላጠፋህም ሰው ልብ ውስጥ ገብቷል። ለአያ አረጋ በእጅህ ጽፈህ በበድሩ ላክ፤ ሰንበቴው ላይ ቆሜ የማነብበው እኔ ነኝ። መምህር ፊት ከጮህኩ ወዲህ የማልቆምበት ቦታ የለም። ለአባባም ለብቻቸው ጻፍላቸው። ያን ጊዜ በሬው ሲወጣ አይተህ ለምን ዝም እንዳልክ ጻፍላቸው፤ እኔ የኔን በቃሌ ነግሬያቸዋለሁ።

አባባ ልጄ ገላህን ጠብቅ፣ ከሸክሙ ቀንስ ብለውሃል። ይማርሽ ጥጃዋን በስምህ ልጥራት ወይ ብላ ትስቃለች፤ እኔ ግን እስክትጽፍ ድረስ ከልክያታለሁ። የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሩፋኤል በጸሎት አስብሃለሁ ይሉሃል። አብረውህ ላሉት ልጆች ሰላም በልልኝ። አያ አረጋም ድንጋዩን ከአባባ ጫንቃ ያወረዱ ዕለት ወደኔ ዘወር ብለው ያ ልጅ ወገቡ እንዴት ሆነለት ብለው ጠየቁኝ። አንተው መልስላቸው።

እህትህ ሰብሌ

ላሊበላ፣ ሰኔ 9 ቀን 2007 ዓ.ም.