የገጽ አሥራ አራት ፎቶዎችና የእኔ ፊርማ

ለተከበሩ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤታችን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤንነት፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነት፣ እንዲሁም በዓመታዊ መጽሔታችን ገጽ ሦስት ላይ ከዳር እስከ ዳር ለተዘረጋው ፎቶግራፍዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ በሁለተኛው ፎቅ፣ ማባዣ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጬ የመሥሪያ ቤቱን ጽሑፍ ለዘጠኝ ዓመታት የተየብኩ ጸሐፊ ነኝ። ትናንት የላኩልኝን፣ በመጽሔቱ ላይ የታየው ስሕተት የእኔ ብቻ መሆኑን የማምንበትን ወረቀት እስከ ዓርብ ካልፈረምኩ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደምዛወር ስላስታወቁኝ፣ መልሴን የሥራ ባልደረቦቼም እንዳይናፍቃቸው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደ ደንባችን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በመጽሔቱ የሚገቡ ፎቶዎች በሙሉ በገጹ ላይ ባሉበት ተተክለው እንዲቀሩና ከጽሑፉ ጋር እንዳይንቀሳቀሱ የሚያዝዘውን መመሪያ ስላወጡልን አመሰግናለሁ። ፎቶ ከሥሩ ካለው መግለጫ ጋር ካልተሳሰረ፣ ከላይ አንድ ነገር በተጨመረ ቁጥር ጽሑፉ ብቻውን ወርዶ ከማያውቀው ሰው ሥር እንደሚቀመጥ በቃልም በጽሑፍም አስረድቼ ነበር። እርስዎም ኮምፒውተር የሚታዘዘው ማዘዝ ለሚችል ሰው ነው ብለው ፈገግ አሉ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነውና አሥራ ስምንቱንም ፎቶ እንደ መመሪያዎ ተከልኩ፤ መግለጫዎቹን አንድ በአንድ ከየቦታቸው አስገብቼ፣ አትሜ፣ በማስመሪያ ለክቼ አስረከብኩ።

፪ኛ. መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ አንድ ሰዓት ሲቀረው በገዛ እጅዎ ስለከፈቱት አመሰግናለሁ። እንዲህ ዝቅ ብሎ የሚሠራ ኃላፊ ስንት አለ? ገጽ ሦስት ላይ የነበረችው ጉርድ ፎቶዎ አንሳብዎት፣ የገጹን ሲሶ የሚይዝ ሌላ ፎቶ አስገቡ። ጽሑፉ ሁሉ ሲሶ ገጽ ወደ ታች ተገፋ፤ የተቀሩት ፎቶዎች ግን መመሪያ አክባሪዎች ስለነበሩ ንቅንቅ አላሉም።

፫ኛውን እንደ ሁለቱ እያሾፍኩ ልጽፈው አልቻልኩም። በገጽ አሥራ አራት ላይ ከላይ የዛገው ፓምፕ፣ ከመካከል በዚህ ወር ጡረታ የወጡት መካኒካችን ጋሽ መፍቻ፣ ከታች ደግሞ እርስዎ አዲሱን ጣቢያ ሲመርቁ ነበር የሚታየው። ጋሽ መፍቻ በስንብታቸው ዕለት በአዳራሹ ሁላችንም ፊት መጽሔቱን ተቀበሉና መነጽራቸውን አድርገው የራሳቸውን ፎቶ ፈለጉ። ከሥሩ ያገኙት "አገልግሎቱን የጨረሰና በቅርቡ የሚወገድ" የሚለውን የፓምፑን መግለጫ ነው። "ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ግራሶ ከእጃቸው ያልጠፋ" የሚለው የእሳቸው መግለጫ ደግሞ፣ ነጭ ጓንት አጥልቀው ሪባን በሚቆርጡት በእርስዎ ሥር ተቀምጧል። አዳራሹ ሳቀ። እኔም መጀመሪያ ላይ ሳቅሁ፤ አልክድም፣ እስካሁንም ያሳፍረኛል። ጋሽ መፍቻ "እውነት ነው እኮ ልጆቼ" ብለው መጽሔቱን ዘጉና የቀረበላቸውን ሻይ ሳይቀምሱ ወጡ። ባለቤታቸው ተከትለዋቸው ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው አዩኝ። የተየብኩት እኔ መሆኔን ያውቃሉ።

፬ኛ. ከዚያ ቀን ወዲህ ለጋሽ መፍቻ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይደውሉ እኔን ግን ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ስላስጠሩኝ አመሰግናለሁ፤ ደረጃው ለጤና ጥሩ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ማን አበላሸው ብለው የጠየቁት ጥያቄ እርስዎን በአክብሮት አልፎ እኔ ላይ አረፈ።

የድርሻዬን ጥፋት አልሸሽም። መጽሔቱን ከእርስዎ እጅ ከወጣ በኋላ ደግሜ ማየት ነበረብኝ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ገጽ አሥራ አራትን እንደገና አዘጋጅቼ፣ መመሪያዎን ጥሼ እያንዳንዱን ፎቶ ከመግለጫው ጋር አሳስሬ፣ በወፍራም ወረቀት አትሜ ወደ ጋሽ መፍቻ ቤት ሄድኩ። የግቢያቸውን ቧንቧ እየጠገኑ አገኘኋቸው። ወረቀቱን ከመቀበላቸው በፊት እጃቸውን ሁለት ጊዜ በጨርቅ ጠረጉ፤ ካነበቡት በኋላ ግን ማን እንዳበላሸው አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ፣ በሰው እጅ የገቡት መጽሔቶችስ ይስተካከላሉ ወይ ብለው ነው። እኔም መሥሪያ ቤቱ የተስተካከለውን ገጽ አሳትሞ በታተሙት አራት መቶ መጽሔቶች ሁሉ ላይ እንደሚለጥፍ፣ ኃላፊውም መጥተው ይቅርታ እንደሚጠይቁ ነገርኳቸው። በእርስዎ ስም ቃል ስለገባሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ እርስዎ በእኔ ስም ጥፋት ስለጻፉ ግን የተካካስን ይመስለኛል።

ወረቀቱን አልፈርምም። ዓርብም አልፈርምም፣ ከዓርብ በኋላም አልፈርምም። ዕቃ ግምጃ ቤት ከላኩኝም እሄዳለሁ፤ እዚያ ያለው ዕቃ ቢያንስ ስሙ ከተጻፈበት መደርደሪያ ላይ ይገኛል።

ከቢሮዎ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትሠራ፣ ከአቋሟ ግን አንድ መስመር እንኳ ያልወረደች፣
ጤናዎን ዘወትር የምትመኝ ጸሐፊዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮምፒውተሩ ሰነዱን መጨረሻ ላይ የነካውን ሰው ስምና ሰዓት መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ሥራ አስኪያጁ እንዲያዩት አትሜ ልኬላቸዋለሁ። በሰሌዳው ላይ ከዚህ ደብዳቤ ጎን የለጠፍኩትን የጋሽ መፍቻን ፎቶ ለማንሣት ግን አይድከሙ፤ እሱን የተከልኩት በመመሪያ ሳይሆን በማጣበቂያ ነው።