ስለ ፋኖሱ፣ ስለ ማረሻውና እናቴ ስለተከለከለችው የጌታ እራት

ሐምሌ 24 ቀን 1961 ዓ.ም.
ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ

ለተከበሩ አቶ መገርሳ ዋቅወያ
የጉባኤያችን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱና ጭቃው እንዴት ይዞዎታል? ቤተ ሰብዎ፣ ከብቶችዎ፣ ዘንድሮ የተከሉት ቡና ሁሉም ደኅና ይሁን። ባለፈው እሑድ ሲሰብኩ ጉሮሮዎ ሻከር ብሎ ስለ ሰማሁ አዝኛለሁ፤ ዝንጅብል በማር አፍልተው ቢጠጡበት ይሻላል። ከእንግዲህም ብዙ የሚያስተምሩን ነገር ስለሚኖር ጉሮሮዎ ለሁላችንም ያስፈልጋል።

የምጽፍልዎት ልብስ ሰፊው ጨመዳ ሞረዳ ነኝ፤ ያችን እሑድ እሑድ የሚለብሷትን ግራጫ ኮት የሰፋሁልዎት። ገበያ ስንገናኝ «ኦቦ መገርሳ፣ አከም ቡልተን» ብዬ ባርኔጣዬን አንሥቼ አልፋለሁ፤ ዛሬ ግን ጉዳዩ ከበድ ስላለ በአማርኛ፣ በተራ ቁጥርና በአራት ነጥብ ማቅረብ ይገባኛል ብዬ አሰብሁ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁትም ለመዳፈር አይደለም። በዚሁ ጉዳይ ለሽማግሌዎች ጉባኤ ሁለት ማመልከቻ በፖስታ አሽጌ አቅርቤ ነበር፤ ሁለቱም «ይጸለይበታል» ተብለው እስከ ዛሬ እየተጸለየባቸው ነው። ጸሎቱ ስለ ረዘመ፣ ሌላውም ሰው ቢያግዘን ብዬ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በሰኔ ወር የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ነበር። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ እንዳይቸገር ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክት ተሰጠው። የጉባኤያችን አባል ለሆኑት ለአቶ ዋጋሪ ፋኖስ ደረሳቸው። አያታቸው ከጎጃም መጥተው እዚህ ለከተሙት ለቡና ነጋዴው ለአቶ በላይ ማረሻ፣ ለሦስተኛው ሰው ደግሞ ዶሮ ደረሰ። ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል።

፩ኛ፤ ከቅሬታ በፊት ምስጋና ይቅደም። ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከመድረክ የሰጡን ትምህርት ብዙ ድካም አቃለለልን። እኔ አላዋቂው፣ ክርስቲያን ሊመርጥ ሲሄድ ስለ ሰውየው መጠየቅ ያለበት ይመስለኝ ነበር፤ እውነት ይናገራል ወይ፣ ጉቦ ይበላል ወይ፣ ደሃ አቤት ሲለው በሩን ይዘጋል ወይ እያለ። እርስዎ ግን «እናንተ የዓለም ብርሃን ናችሁ» የሚለውን አነበቡልንና፣ ፋኖስን ያልመረጠ ጨለማን መረጠ ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ገላገሉን። የአቶ ዋጋሪን ጠባይ መመርመር እንኳ አላስፈለገንም፤ የፋኖሱ ጠባይ በቂ ነበር።

ችግሩ መጽሐፍ ቅዱስ ሰፊ መሆኑ ነው። በዚያው እሑድ በላይኛው ሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ አንድ መሪጌታ፣ የማረሻ ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ የሚመለከት ሰው ለእግዚአብሔር መንግሥት እንደማይገባ ጠቅሰው ሕዝቡን ወደ ማረሻው መሩት አሉ። የዶሮው ሰዎችም ጴጥሮስን ለንስሓ የቀሰቀሰው ማን እንደ ሆነ እያስታወሱ ገበያውን ዞሩት። አራተኛ ተወዳዳሪ ኖሮ አህያ ቢደርሰው ኖሮ፣ ሆሳዕናን የሚያህል ማስረጃ ይዞ ሁላችንንም ጥሎን ይሄድ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

፪ኛ፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ «ክርስቲያን ክርስቲያንን ይመርጣል» አሉን። አቶ በላይ ክርስቲያን አይደሉም ማለትዎ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ሰውየው በዓመት ከሚበሉበት ቀን የሚጾሙበት ይበልጣል። ምናልባት የእኛን መዝሙር ስለማያውቁ ይሆናል። ነገሩ የመዝሙር ከሆነ፣ አቶ ዋጋሪም ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸውን ብቻ እንደሚያንቀሳቅሱ ከኋላቸው የምቀመጠው እኔ ምስክር ነኝ።

እናቴ ወይዘሮ ዓባይነሽ አቶ በላይን የምታውቃቸው በመዝሙር አይደለም። የዛሬ ሦስት ዓመት ኑኑ ቁምባ የምትኖር አንዲት ባልቴት ዘመዳችን መሬቷን በሐሰት ምስክር ልትነጠቅ ስትል፣ አቶ በላይ ሳይጠሩ ፍርድ ቤት ቀርበው በገዛ የክርስትና አባታቸው ልጅ ላይ እውነቱን መሰከሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘመዶቻቸው ለሰርግም ለማኅበርም አይጠሯቸውም። እኛም አልጠራናቸውም፤ ባልቴቷ የእኛ፣ ምስክሩ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው ስለ ነበሩ ማመስገኑ በማን ላይ እንደሚወድቅ ሳንወስን ቀረን። እናቴ ግን ያን ቀን ፍርድ ቤቱ ውስጥ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ስለዚህ ምርጫው ሲደርስ ሦስት ቀን ጾማ፣ ጸልያ፣ ማረሻውን መረጠች። የምትጠቅሰው ጥቅስ አልነበራትም።

፫ኛ፤ በጉባኤያችን ልማድ ከስብከቱ በፊት ምእመናን እየተነሡ እግዚአብሔር በሳምንቱ ያደረገላቸውን ይመሰክራሉ፤ አንዱ ከወባ መዳኑን፣ ሌላዋ የጠፋች ላሟ መገኘቷን። ከምርጫው በኋላ በነበረው እሑድ ግን እርስዎ አዲስ ዓይነት ምስክርነት አስጀመሩን። «ብርሃንን የመረጣችሁ ለእግዚአብሔር ክብር ተነሡ» አሉ። መቶ ስድሳ ሁለት ሰው ተነሣ። ቁጥሩን የማውቀው እርስዎ ራስዎ በጣትዎ እየጠቆሙ ቆጥረው ስለ ነገሩን ነው። ሃሌ ሉያው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው።

እናቴ አልተነሣችም። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ምርኩዟን ይዛ ብቻዋን ተነሣችና በኦሮምኛ ተናገረች። ወደ አማርኛ ስመልሰው ለዛው ቢጎድልም ነገሩ ይኸው ነው፤ «ወንድሞቼ፣ እኔ ጸልዬ ማረሻውን መረጥሁ። ሰውየው እውነት ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በጌታ ቤት ዝም ብል የዋሸሁ ስለ መሰለኝ ነው የነገርኳችሁ። ገለቶማ።» አመስግናን ተቀመጠች። ማንም ሃሌ ሉያ አላለም። እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

፬ኛ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ የእኛው ግን ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈጀው። ማክሰኞ ዕለት የቡርቃ ጃቶ ጣቢያ ውጤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ያን እሑድ የተነሣነው ሰዎች ሁላችንም የመረጥነው በዚያ ጣቢያ ነው። ፋኖስ ያገኘው አርባ ዘጠኝ ነው። ልብስ ሰፊ ሳይቆርጥ ሁለቴ ይለካልና ተመልሼ አነበብሁት፤ አርባ ዘጠኝ። እንግዲህ ከጉባኤው ውጭ አንድም ሰው ፋኖስን አልመረጠም ብንል እንኳ፣ መቶ አሥራ ሦስት ሰው በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ዋሽቷል ማለት ነው። ሐዋርያት እንኳ የነበራቸው አንድ ይሁዳ ብቻ ነበር፤ በቁጥር በልጠናቸዋል።

ክቡር ሆይ፣ ከመቶ አሥራ ሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ። ማረሻውን መርጬ ስለ ፋኖሱ ተነሣሁ። የጉባኤው ሰው ሁሉ ልብስ የሚያሰፋው እኔ ዘንድ ስለ ሆነ እርስዎን ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከአጠገቤ ተቀምጣ የነበረችው እናቴ ቀና ብላ አየችኝና፣ ልጄ ፋኖስን መርጧል ብላ አመነችኝ። አሁንም ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል። ትናንት ይህን አንቀጽ ራሴ ሳነብላት፣ እሑድስ ትነግራቸዋለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

፭ኛ፤ ውጤቱ በተለጠፈ በሁለተኛው ቀን የሽማግሌዎች ጉባኤ ተሰበሰበ። እኛ ዋሾዎቹ ልንጠራ ነው ብለን ስንንቀጠቀጥ የተጠራችው እናቴ ሆነች፤ «ጉባኤውን በአደባባይ ስለ ከፋፈለች» ንስሓ እስክትገባ ድረስ ከጌታ እራት ታገደች። ውሳኔው ጥበብ የተሞላ ነው። የዋሸው ሁሉ ቢታገድ ኖሮ ኅብስቱን የሚቆርስ፣ መዝሙሩን የሚመራ፣ በር የሚከፍት እንኳ አይገኝም ነበር፤ አንዲት አሮጊት ብትታገድ ግን ምንም አይጎድልም። ስለዚህ በሐምሌ መጀመሪያ እሑድ እኛ በየተራችን ወጥተን ተቀበልን። እሷ በሩ አጠገብ ተቀምጣ መዝሙሩን ከእኛ ጋር ዘመረች፤ ሁለተኛውንም ስንኝ ጭምር።

እናቴ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ደረቷ ውኃ እየቋጠረ እንደ ሆነ የክሊኒኩ ሐኪም፣ ድሬሰሩ፣ ነግሮናል፤ ክረምቱን መውጣቷን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ከእኔ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ ሳትሞት የጌታን እራት መቀበል። እኔም እንደ ልማዴ ቀላሉን መንገድ መከርኳት፤ ተጸጸትሁ በያቸውና ይለቅ አልኳት። እሷ ግን፣ ሳልጸጸት ተጸጸትሁ ብዬ በውሸት የምቀበለው ኅብስት ምን ያደርግልኛል አለችኝ። ይህን የተናገረችው በዚያው በውሸት ኅብስት ለተቀበልኩት ልጇ ነበር። ይህንንም ያህል ሆና ስለ እርስዎ አንድ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ጠዋት ጠዋት ስምዎን ጠርታ ትጸልይልዎታለች፤ እኔ እንኳ አንዳንድ ቀን ይበዛል እላታለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። በሚመጣው እሑድ በምስክርነቱ ሰዓት እነሣለሁ፤ ማረሻውን መርጬ ስለ ፋኖሱ መነሣቴን በጉባኤው ሁሉ ፊት እናገራለሁ። የሌሎቹን መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ስም አላነሣም፤ እነሱው ይወቁበት። ከዚያ በኋላ ሐሰተኛው እኔ ነኝና እኔን ያግዱኝ፤ ከፈለጉ እስከሚቀጥለው ምርጫ ድረስ። እናቴን ግን ነሐሴ 4 ቀን ወደ ጌታ ማዕድ ይመልሷት። እሷ የምትገባው ንስሓ የላትም። መራመድ ካቃታትም እኔ በሩ ድረስ ተሸክሜ አመጣታለሁ፤ ከበሩ ወዲያ የታገደ ሰው መግባት የማይችል እንደ ሆነ ግን ከእርስዎ ሽማግሌዎች አንዱ ይቀበለኝ።

በተረፈ፣ ስለ ሰጡን ትምህርት፣ የምእመናንን ቁጥር ስለ ቆጠሩበት ትጋት፣ ማመልከቻዎቼንም እስካሁን በጸሎት ስለ ያዙበት ትዕግሥት ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽሁ፣ ዕድሜና ጤና፣ የተሻለ ጉሮሮና ቸር ክረምት የምመኝልዎት፣ ከመርፌዬና ከክሬ ጋር ሁልጊዜ በትሕትና የምታዘዝዎት፣

ጨመዳ ሞረዳ
ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፤
ለጉባኤው የሴቶች ማኅበር፤
ለመዘምራኑ ኃላፊ፤
ዝናብ ሲመጣ በልብስ ስፌት ቤቴ በር ለሚጠለል ማንኛውም አላፊ አግዳሚ።

ማስታወሻ፤ ባለፈው ቅዳሜ የአንድ ሙሽራ ሱሪ ልለካ ወደ አኖ ሄጄ ነበር። ርስትዎ እዚያ ስለ ሆነ የተመዘገቡትም የመረጡትም በአኖ መሆኑን፣ በበቅሎ ማልደው ደርሰው ከሰው ሁሉ ቀድመው እንደ መረጡም የአገሩ ሰዎች በኩራት አወጉኝ። የአኖ ጣቢያ ውጤት እስካሁን ከግድግዳው አልተነሣም፤ ዶሮ ሁለት መቶ ሦስት፣ ማረሻ ሰማንያ ስምንት፣ ፋኖስ ባዶ። ጥቂት ማለቴ አይደለም፤ ባዶ። ሰው የመረጠው ምስጢሩ ነውና ማንን መረጡ ብዬ አልጠይቅዎትም። ደብዳቤውን ለእናቴ ሳነብላት ይህችን ማስታወሻ ዘለልኳት፤ ብትሰማት ለእርስዎ ታለቅስ ነበር እንጂ አትስቅም። የሳቅሁት እኔ ነኝ።