ጉልበቴን በዓይኔ ያየሁበት ቀን

ለውድ እህቴ ለእትዬ ካስሚኒ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ የምትጦሪያቸውን ሽማግሌ ስታነሺና ስታስተኚ አሁንም ያምሻል? የታይዋን ሙቀት በርትቷል ሲሉ ሰማን፤ እናታችን እንደሆነች አንቺ እዚያ ስታስነጥሺ እዚህ በህልሟ ታያለች። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ! በስልክ ላጫውትሽ በሞከርኩ ቁጥር እናታችን ከእጄ ስለምትነጥቀኝ፣ ይኸው የጎረቤታችን ልጅ ወደዚያ ስትመጣ ይህን ደብዳቤ በእጇ ላክሁልሽ።

ቀኝ ጉልበቴ እንደ ፓፓያ አብጦ ነበር ትተሽኝ የሄድሽው። ወጌሻው ካርጆ ባሸው ቁጥር ይብስበት ጀመር። ጤና ጣቢያ በመርፌ ሲቀዱልኝ የቡና አተላ የመሰለ ደም ይወጣል፤ ሳይውል ሳያድር ተመልሶ ይሞላል። መንደርተኛው "የኮኮናቱ ጂን መትቶት ነው" አለ። አንድ ሐኪም ደግሞ "ክፉ ዕጢ ሳይሆን አይቀርም፤ እግሩ ሊቆረጥ ይችላል" አለን። ያን ቀን ባለቤቴ ቱሪያ በሞተር ሳይክል አፈናጥጣኝ ስትመለስ ማልቀሷን ትከሻዋ ነገረኝ። እኔ ኮኮናት ላይ ወጥቼ የአበባውን ጭማቂ ካልቀዳሁ፣ እሷ ምኑን አፍልታ ስኳር ታወጣለች?

ፑርዎከርቶ ከተማ ሄደን ዶክተር ላክስሚታ የምትባል የአጥንት ሐኪም አገኘን። ኤምአርአይ አስነሳችኝ፣ ናሙናም አስወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ ገና በሩን ሳልዘጋ "ካንሰር አይደለም!" አለችኝ። የመገጣጠሚያዬን ውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ያለ ልክ አድጎ ኖሯል፤ ካልተጠረገ አጥንቱን ይበላዋል አለች። "ብርቅ በሽታ ነው" ስትል እናታችን ምን ብትላት ጥሩ ነው? "ድሮም ይኼ ልጅ እንደ ሰው ታሞ አያውቅም!"

እትዬ፣ የቀዶ ጥገናውን ቀን ብታዪኝ! ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ እንጂ አላስተኙኝም። ሐኪሟ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ካስገባች በኋላ "ዳርሱን፣ ጉልበትህን ማየት ትፈልጋለህ ወይስ ትፈራለህ?" አለችኝ። "ዛፍ ጫፍ ላይ የሚውል ሰው ምን ይፈራል?" አልኳት፤ ጥርሴ ግን ይንቀጫቀጭ ነበር። ስክሪኑን ወደኔ አዞሩልኝ። የአጥንቴ ጫፍ እንደ ለጋ ኮኮናት ሥጋ ነጭ ነው። ዙሪያውን ግን ቡናማ ጢም የመሰለ ነገር ወርሮት ጉልበቴን በሞሉት ውኃ ውስጥ ይወዛወዛል። መሣሪያው እየላጨ እየመጠጠ ሲሄድ፣ ነጩም ሲገለጥ ራሴን መቆጣጠር አቅቶኝ "እዚያ ጥግ ላይ ቀርቷል!" ብዬ ጮህኩ። ነርሷ "አንተ ዛፍህን ጠብቅ፣ እኛ ሥራችንን እናውቃለን" ብላ ብትቆጣኝ ሁሉም ሳቁብኝ። ከኋላ የነበረውን ካሜራው ስላልደረሰበት፣ በሆዴ አስተኝተው ከጉልበቴ ጀርባ ቀደው አወጡት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀላል ነበር ብልሽ ዋሸሁ። ጉልበት የሚያሳጥፈኝ ባለሙያ ለስላሳ ፊት አለው፣ እጁ ግን ብረት ነው። "ማልቀስ ይፈቀዳል፣ ማቆም ግን ክልክል ነው" ይለኝ ነበር። በሽታው ሊመለስ ስለሚችል በየጊዜው መታየት አለብኝ። ዶክተሯ ለጊዜው ረጅም ዛፍ ከልክላኛለች። አጫጭሮቹን ኮኮናቶች ብቻ እየቀዳሁ ነው። አባታችን ይህን ሲያይ "መሬት ቆሞ ኮኮናት የሚቀዳ ወንድ አላህ አሳየኝ!" እያለ መንደሩን ያስቅብኛል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የጓጓሁትን ስሚኝ። ጉልበቴ ከታመመ ጀምሮ ከሽማግሌዎች ጋር ከኋላ ሆኜ በወንበር ነበር የምሰግደው። ለዘንድሮው ዓረፋ ሶላት አባታችን እንደ ልማዱ ወንበሬን ይዞልኝ ሜዳው ድረስ መጣ። "ዛሬ ይቅር" አልኩት። "ሰው መሐል ብትወድቅ አላነሳህም" ብሎ አጠገቤ ቆመ። ሱጁድ ስንወርድ ጉልበቴ ተንቋቋ። ግን ታጠፈልኝ፣ እትዬ! ግንባሬ ሣሩን ነካ። ለመነሳት አልቸኮልኩም። ሶላቱ ሲያበቃ አባታችን ወንበሩን ለአንዲት አሮጊት ሰጥቶ፣ ፊቱን ሳያሳየኝ ወደ ቤት ቀድሞኝ ሄደ። ስከተለው እርምጃውን አፈጠነ። እኔም አፈጠንኩ።

ቱሪያን በጣም ናፍቀሻታል፤ ትኩስ ስኳር በቅጠል ጠቅልላ ልካልሻለች። ልጄ ውላን "አክስቴ ስትመጣ አባዬ እየሮጠ ይቀበላታል" ብለህ ጻፍልኝ ብላኛለች። እናታችን ትመርቅሻለች፣ "ትብላ" ትላለች። አባታችን ደግሞ ደብዳቤው እስኪያልቅ ከበሩ አልተነሳም። የምትጦሪያቸውን ሽማግሌም ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ ዳርሱን
ቺሎንጎክ፣ ባንዩማስ
ኦገስት 24 ቀን 2018