«ቸልተኛ» የሚለው ስም ወደ እኔ እንዲዛወርልኝ

ለተከበሩ ሚስተር ሮይስ ታለንት
የኮልተርስ ፎርድ ተኳሾች ማኅበር ሊቀ መንበርና ዋና አሠልጣኝ
በከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ በኩል

የተከበሩ ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ የጉልበትዎ ሕመም ጋብ ብሎልዎት፣ ባለቤትዎ ሚስ ኦፓልም ከጉንፋናቸው ድነው እንድታገኝዎት እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ቤቴ ጸጥ ያለ ስለሆነ ለመጻፍ ይመቻል፤ ይሁንና ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ ይህን ለመጨረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ባለፈው ጥቅምት በፖስታ ቤቱ የመኪና ማቆሚያ የገዛ ሽጉጡ ባርቆበት የሞተው የጋዝ መኪና ሾፌር የኬንዳል ስታልካፕ እናት ነኝ።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ባለፈው ወር በጻፉልኝ ደብዳቤ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ የሚሰጡትን ትምህርት ሰባት ጊዜ ስለ ተከታተልሁና ሽጉጥም ስለሌለኝ፣ ከእንግዲህ መምጣቴ ‹ለሌሎች ሠልጣኞች ምቾት እንደማይሰጥ› በትሕትና ገልጸውልኛል። ሰባቱንም የምስክር ወረቀቶች በፍሪጁ በር ላይ ለጥፌአቸዋለሁ። በአውራጃችን ሽጉጥ ሳይኖራት እንደ እኔ የሠለጠነች ሴት ያለች አይመስለኝም፤ ይህንንም ያገኘሁት በእርስዎ ትዕግሥት ነው።

ለምን እንደምመጣ ጠይቀውኝ አያውቁም። ከሳንድዊቹ በኋላ፣ በትምህርቱ ሦስተኛ ሰዓት ላይ፣ ‹ሕጉን ሁሉ ስለሚያውቅ አንድ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው› ይናገራሉ። ስሙን አይጠሩም፤ ለዚህ ጨዋነትዎም አመሰግናለሁ። ኬንዳል ከሞተ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ስለ ዝናቡ ያወራኛል፤ በቤተ ክርስቲያን ስለ ቲማቲሜ ይጠይቁኛል። ልጄ በዚያ ጠዋት ምን እንደ ለበሰ፣ መኪናውን የት እንዳቆመ፣ በሩን በየትኛው እጁ እንደ ከፈተ፣ በወር አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ እርስዎ ብቻ ነበሩ። ለዚያ ብዬ ነው የምመጣው።

በሰባተኛው ቅዳሜ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት፣ «ውይ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነቱ ጅል ነው» አለች። «የእኔ ጅል ነው የኔ እናት» አልኋት። ሳንድዊቿን ወረቀቱ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ምቾት ማጣት ያሉት ይህንን ከሆነ ጥፋቴን አምናለሁ።

አሁን በር ስለ ተዘጋብኝ፣ በክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ልጠይቅ ያልደፈርሁትን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፦ ከስድስት ዓመት በፊት ኬንዳል በልብስ ሥር የሚያዝ ሽጉጥ ሊገዛ ሲል ምክር ፈልጎ ወደ እርስዎ ዘንድ ስንመጣ፣ በጠረጴዛዎ ላይ ሁለት ሽጉጦች አስቀምጠው ነበር። አንደኛው በአውራ ጣት ወደ ላይ ስትገፋ የምትቆልፍ፣ ወደ ታች ስትገፋ የምትከፍት፣ ጥፍር የምታክል የጥንቃቄ ቁልፍ ነበረችው፤ ሁለተኛው አልነበረውም። ኬንዳል «ማማ፣ የትኛው ይሻላል?» ሲለኝ፣ «ቁልፍ ያለው ነዋ፤ የዶሮ ቤት እንኳ መቀርቀሪያ አለው» አልሁ። እርስዎም «ሚስ ቨርና፣ ዘራፊው መቀርቀሪያውን እስኪከፍቱ ቆሞ ይጠብቅዎታል?» ብለው ሁላችንን አሳቁን። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጠቋሚ ጣትዎን ቀጥ አድርገው «የጥንቃቄ ቁልፉ ይኸው ነው» አሉት። በፍርሃት ጊዜ እጅ እንደሚደነዝዝ፣ ቁልፉን መክፈት ረስቶ ስለ ሞተ የነዳጅ ማደያ ባለቤትም ነገሩን። ኬንዳልም ቁልፍ የሌለውን ገዛ። አምኜዎታለሁ፤ አሁንም አምንዎታለሁ። ስለዚያ ሰው እናት አዝኜ ስሟን ብጠይቅዎ ግን አያውቁትም ነበር።

ሁለተኛ፦ ‹ጥንቃቄ ያለው በጣት እንጂ በሽጉጡ አይደለም› የሚለው ትምህርትዎ በኬንዳል ላይ ሙሉ በሙሉ ሠርቷል። በስድስት ዓመት ውስጥ ጣቱ ያለቦታው ቃታ ላይ አርፎ አያውቅም። በዚያ ጠዋት መሣሪያ ይዞ ፖስታ ቤት መግባት በሕግ ክልክል ስለሆነ፣ ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ መኪናው ውስጥ ቆለፈበት፤ ሕጉን ባያከብር ኖሮ በዚያ እሑድ አብረን ምሳ እንበላ ነበር። ሲመለስ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሽጉጡን ወደ አፎቱ መለሰ። ጣቱ፣ እርስዎ እንዳስተማሩት፣ ቀጥ ብሎ ከቃታው ውጭ ነበር፤ ይህን የመሰከሩት በመኪናው መስኮት ያዩት ፖስተኛዋ ናቸው። ቃታውን የሳበችው ከዝናብ ጃኬቱ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችው ትንሿ የገመድ ማጥበቂያ ፕላስቲክ ናት። ከሽጉጡ ጋር አፎቱ ውስጥ ገባች፤ ጥይቱም የጭኑን ትልቁን የደም ሥር በጠሰው። ያቺ ፕላስቲክ የእርስዎን ትምህርት አልተከታተለችም። የምስክር ወረቀትም የላትም።

ሦስተኛ፦ እኔ ብዙ አላውቅም፤ ያወቅሁትም ከእርስዎ ነው። በሰባቱ ቅዳሜዎች የተረዳሁት ግን የዘራፊው ቀን ለብዙ ሰው ጨርሶ የማይመጣ፣ ለጥቂቱም አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ መሆኑን ነው። የፖስታ ቤቱ ቀን ግን በየሳምንቱ ይመጣል። የመጸዳጃ ቤቱ ቀን፣ ቀበቶ የማጥበቂያው ቀን፣ የወንድም ልጅ ሲመጣ ሽጉጥ አውልቆ መደርደሪያ ላይ የማስቀመጡ ቀን፣ እነዚህ ሁሉ በየዕለቱ ይመጣሉ። የኬንዳል ሽጉጥ ከዘራፊ ጋር አንድም ቀን አልተገናኘም፤ ከጃኬቱ ጋር ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይገናኝ ነበር። ለማይመጣው እንግዳ በሩን ክፍት አድርጎ መጠበቅ ደግነት መሆኑን ተረድቻለሁ። በዚያው በር በየቀኑ ለሚገቡት ለቤተሰቡ ማን እንደሚያስብላቸው ግን በትምህርቱ ውስጥ አላገኘሁትም።

አራተኛ፦ ይህ ዋናው ነው፤ ከአሥራ አንዱ ቀን ሰባቱን የወሰደብኝም እሱ ነው።

እርስዎ ‹አደጋ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ቸልተኝነት ብቻ ነው› ይላሉ። ጨዋታ አዋቂ ስለሆኑ ክፍሉ በሙሉ አብሮዎት ይደግመዋል፤ እኔም ሰባት ጊዜ ደግሜዋለሁ። በሚመጣው ወር በሚታተመው የማሠልጠኛ መጽሐፍዎ የልጄ ታሪክ ‹ቸልተኛው ተኳሽ› በሚል ርእስ እንደሚወጣ ረዳትዎ በደግነት አሳይተውኛል። ቃሉ ከባድ ስለሆነብኝ በኬንዳል የትምህርት ቤት መዝገበ ቃላት ፈለግሁት። ‹ማድረግ የሚገባውን ያላደረገ› ይላል።

እንግዲህ ጥፋት ባለቤት ካለው፣ ባለቤቱ በትክክል ይመዝገብ። ያን ቀን ኬንዳል ፖስታ ቤት የሄደው በራሱ ጉዳይ አይደለም። ኦሃዮ ላለችው እህቴ ለሎሬን ያሸግሁትን የእንጆሪ ማርማላታ እንዲልክልኝ የነዘነዝሁት እኔ ነኝ። «ሰኞ ብወስደውስ?» ብሎኝ ነበር፤ «ሰኞ፣ ሰኞ ስትል ይኸው ብርዱ ገባ» አልሁት። የጃኬቱ ገመድ እየሾለከ ሲያስቸግረውም፣ ከአሮጌ የመኝታ ከረጢት ላይ ያቺን ማጥበቂያ ፈትቼ የሰፋሁለት እኔው ነኝ። ሁለት ጊዜ ደርቤ ነው የሰፋሁት፤ እንዳትወድቅ ብዬ። «አሁን ገና ጃኬት ሆነ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

ይህን ለፖሊስም ለቄሱም አልነገርሁም። የጠየቀኝ ሰው የለም።

ስለዚህ የተከበሩ ሆይ፣ ‹ቸልተኛ› የሚለው ስም ከኬንዳል ስታልካፕ ላይ ተነሥቶ በእናቱ በቨርና ስታልካፕ ስም እንዲዛወርልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። እሱ ማድረግ የሚገባውን ሁሉ አድርጓል። ሕጉን አክብሯል፣ ጣቱን ቀጥ አድርጓል፣ የመከሩትን ሽጉጥ ገዝቷል፣ እናቱንም ታዟል። ስሙ ለአንዲት ሴት ብቻዋን የሚከብድ ሆኖ ከታየዎትና የሚጋራኝ ሰው ከተገኘም አልጠላም፤ ቤቴ ሰፊ ነው።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አሁንም ልብሴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። በሦስተኛው ሰዓት ላይ ታሪኩን ለራሴ እናገረዋለሁ። እንደ እርስዎ አላሳምረውም፤ ስሙን ግን እጠራለሁ።

የጉልበትዎን ጤና፣ የማኅበርዎን ዕድገት፣ የመጽሐፍዎንም መልካም ሽያጭ ከልብ እየተመኘሁ፣ ሰባት ጊዜ ያስመረቁኝ፣ ስምንተኛውን የከለከሉኝ፣ ዘወትር ባለውለታዎ፣

ቨርና ስታልካፕ
የኬንዳል እናት

በተጨማሪ፦ በሰባቱም ቅዳሜዎች የተቀመጥሁት በፊተኛው ወንበር ላይ ነበር። ከወገብዎ የማይለየው ሽጉጥ አባትዎ ከጦር ሠራዊት ይዘውት የተመለሱት የድሮው መሆኑን ራስዎ በኩራት ነግረውናል። ‹ፕላስቲኳ አፎቱ ውስጥ ገባች› የምትለው ዓረፍተ ነገር ላይ በደረሱ ቁጥር፣ አንድም ቀን ሳያጓድሉ፣ የቀኝ አውራ ጣትዎ ከኮትዎ ሥር ይገባና አንዲት ጥፍር የምታክል ነገር ዳስሶ፣ መቆለፏን አረጋግጦ ይወጣል። እርስዎ የሚያውቁት አይመስለኝም። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።