በሸራው ላይ ስለተገኘው ቀዳዳ የተጠየቅሁት ማብራሪያ

ለተከበሩ የንብረት አማካሪዎች ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ ሰላም፣ በተለይም የጉልበት ብርታት እመኛለሁ። ጉልበትን ለይቼ ያነሣሁበት ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ይገለጥልዎታል፤ እኛ ቤት በቀላሉ ወደ ታች መውረድ የሚቻለው በደብዳቤ ላይ ብቻ ነውና።

«በማስታወቂያ ሸራ ላይ ሆን ተብሎ ስለደረሰ ጉዳት» በሚል ርእስ የጻፉልኝ ደብዳቤ በክብር ደርሶኛል። በቤቴ ግድግዳ ላይ ደላላዬ በሰቀሉት ሸራ ላይ ስለተገኘው ቀዳዳ ማብራሪያ እንድሰጥና ቀዳዳውን በአሥር ቀን ውስጥ እንድደፍን ያዝዛል። እሑድ ሸራው ተቀደደ፣ ሰኞ ደላላዬ ከሰሱ፣ ማክሰኞ ጽሕፈት ቤትዎ ፈረደ። እኔ ለዚሁ ጽሕፈት ቤት ካስገባኋቸው አራት አቤቱታዎች የመጀመሪያው ሰባተኛ ወሩን ይዞ መልስ ስላላገኘ፣ ቢሮው በተፈጥሮው ቀርፋፋ ነው ብዬ አምቼዎት ነበር። ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ለካ ሲፈልግ መሮጥ ይችላል።

ማብራሪያውን እሰጣለሁ። ነገር ግን ቀዳዳ ብቻውን ስለማይቆም፣ በዙሪያው ካለው ጨርቅ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ባለቤቴ አርባ ዓመት አዋላጅ ነበረች፤ በሰፈራችን ከሚያልፈው ሰው ግማሹን ወደዚህ ዓለም ሲመጣ የተቀበለችው እሷ ናት። ቤታችን ባለ አንድ ፎቅ ሲሆን መኝታውና መታጠቢያው ላይ፣ ማድ ቤቱና የውጭ በሩ ታች፣ በመካከላቸው ደግሞ ሃያ ሁለት ደረጃ አለ። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ለሐኪም ብቻ፣ በሁለት ሰው ተደግፋ ትወርድ ነበር፤ ካለፉት አምስት ወራት ጀምሮ እሱም ቀርቶ ሐኪሙ ራሱ ይወጣል። ሐሳባችን ቤቱን ሸጠን ከእህቷ ጎን ያለችውን፣ ደፏ ከመሬት እኩል የሆነውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት መግዛት ነው። የዚያች ቤት ባለቤት ደግ አዛውንት ናቸው፤ «እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃችኋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን እኔም ዕድሜዬ አይጠብቀኝም» ብለውናል። የቀረን አሥራ ሁለት ቀን ነው። ክቡርነትዎ፣ የእኛ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሃያ ሁለት ደረጃና አሥራ ሁለት ቀን።

ደላላችንን በዘፈቀደ የመረጥናቸው እንዳይመስልዎት። ጽሕፈት ቤትዎ ያሳተመውን «ቤትዎን ሲሸጡ አማካሪዎን በጥበብ ይምረጡ» የተባለ መመሪያ በእጃችን ይዘን ነው የመረጥናቸው። መመሪያውን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ያረምኩት የመጨረሻ ሥራ እሱ ነበርና። አሥራ አንድ የፊደል ግድፈት ነቅሼ አውጥቼለታለሁ። የቀረውን ግድፈት ማረም የሥራ ድርሻዬ አልነበረም። ስለዚህ ምስጋናዬን በራሱ በመመሪያው ተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. «ቢያንስ ሦስት አማካሪዎችን ያወዳድሩ» ይላል። አወዳደርን። የመጀመሪያው ቤቱን ከላይ እስከ ታች አይቶ «አባባ፣ ደረጃው ብዙ ነው፤ ጊዜ ይፈጃል» አለን። እውነት ስለተናገረ ጣልነው። ሁለተኛዋ ዋጋውን ትንሽ ዝቅ ብናደርግ ቶሎ እንደምንገላገል መከረችን፤ እሷን ተቀየምናት። ሦስተኛው፣ የአሁኑ ደላላችን፣ አንድም ደረጃ ሳይወጡ ከታች ቀና ብለው አዩና «ይሄማ ቤት አይደለም፣ ቤተ መንግሥት ነው! በሦስት ሳምንት ቁልፉን ከእጃችሁ እቀበላለሁ» አሉን። አንጀታችንን አራሱት። ባለቤቴ ብቻ ከላይ ሆና «ይሄ ሰውዬ ምጥ ሳይጀምር ወንድ ነው ብሎ የሚምል ዓይነት ነው» ብላ ነበር፤ እኔ ግን መመሪያ የያዘ ሰው ስለነበርኩ አልሰማኋትም። ይኸው አሥራ አራት ወር ሆነን።

፪. «በሙያው ኃላፊነት የተጣለበትን ይምረጡ» ይላል። በቢሯቸው ግድግዳ ላይ፣ ባማረ ክፈፍ ውስጥ፣ የእርስዎ ፊርማ ያረፈበት «የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ» የሚል ወረቀት ተሰቅሎ አየሁና ልቤ እርፍ አለ። ቅሬታ ሳስገባ የሚሰሙኝ እሳቸው ራሳቸው መሆናቸው የገባኝ ኋላ ነው። የክሱን ነገር ከተከሳሹ በላይ የሚያውቅ የለምና፣ እንዲህ ያለ ዳኛ ስለሰጡን እጅ እነሣለሁ።

፫. «ውሉን በጥንቃቄ ያንብቡ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ይህን ለአራሚ መምከር ዓሣን ዋና ማስተማር ነው። ዘጠኙን ገጽ አነበብኩ። «ብቸኛ ወኪል» የሚለው «ብችኛ» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁና በቀይ እስክሪብቶ አቀናሁት፤ ደላላችንም «እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም» ብለው አደነቁኝና ከእርማቱ ጎን ሁለታችንም ፈረምን። ፊደሉን እንጂ ቃሉን አላነበብኩትም ነበር። ትርጉሙ ቤቱን ከእሳቸው በቀር ማንም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ መሸጥ አይችልም ማለት ኖሯል። ብቸኛው ማን እንደሆነ ዛሬ አውቀዋለሁ፤ እሳቸው አይደሉም።

ውሉ በየስድስት ወሩ ራሱን በራሱ ያድሳል። እንዳይታደስ የሚፈልግ ሰው በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት በደላላው ፊት ቀርቦ መናገር አለበት። ሁለቱንም ጊዜ ቀረብኩ፤ የቀረብኩት ግን በበሩ ፊት ነው። «ለሥልጠና ወጥተናል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። የሥልጠናው አዘጋጅ ጽሕፈት ቤትዎ ሲሆን ርእሱም «ደንበኛን በፈገግታ መቀበል» ነው። እኔም ሦስት ሦስት ቀን ሙሉ በሩን በፈገግታ ስቀበለው ከረምኩ።

፬. «ገዢ ቢመጣ ወደ አማካሪዎ ይምሩት» ይላል። መጣ! የማዕዘኑ ዳቦ ቤት ባለቤት፣ ባለቤቴ ያዋለደችው ጎልማሳ፣ አንድ ጠዋት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጥቶ «እትዬ፣ ቤቱን እኔ ልግዛው፤ እኔን የተቀበለ እጅ የኖረበት ቤት ለባዕድ አይሄድም» አላት። እሷ አለቀሰች። እኔ ግን ውል አክባሪ ነኝና ወደ ደላላችን ላክሁት። ደላላችን በደስታ ተቀበሉት፣ ወንበር ሳቡለት፣ በመዝገብ ጻፉት፣ በሳምንቱም ሌላ ቤት ሸጡለት። ሰውዬው መጥቶ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ግድግዳው ከውስጥ ተሰንጥቋል አሉኝ እኮ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ትኩስ ዳቦ ይልክልናል። ዳቦው ግሩም ነው፤ ሰው ከፎቅ አያወርድም እንጂ።

፭. «የማስታወቂያ አቅሙን ያጣሩ» ይላል። እዚህ ላይ ጨርቁ ይመጣል።

ቤታችን ከአውቶቡስ ፌርማታ ፊት ለፊት ነው። መጀመሪያ ደላላችን የትሪ ያህል ቆርቆሮ ሰቀሉ። ከዳቦ ቤቱ ሰውዬ በኋላ ቆርቆሮው ወርዶ የላይኛውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ሸራ ወጣ። በሸራው ላይ የእሳቸው ፎቶግራፍ ይስቃል፤ አንዱ ጥርሳቸው ሰሐን ያህላል። ስልካቸው ከሩቅ ይነበባል። «ይሸጣል» የምትለዋ ቃል ከታች ጥግ ላይ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አንገቷን ሰብራ ተቀምጣለች። ሸራው የባለቤቴን መስኮት ሸፈነ። ያቺ መስኮት ለእሷ መንገዱም፣ ገበያውም፣ ጎረቤቱም ነበረች። ከዚያ በኋላ ያላት ዓለም ብርሃን ሲመታው በተቃራኒው የሚነበብ የስልክ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ከኋላ ወደ ፊት በቃሏ ይዛዋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፌርማታው ላይ ተቀምጬ ሰው ቁጥሩን ሲጽፍ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ነበሩ። አንዷ ሴት ጓደኛዋን «ይሄን ቤት ልትጠይቂ ነው እንዴ?» ስትላት «ኧረ እሱማ ተይዟል ብለውኛል፤ ሌላ ሊያሳዩኝ ነው» አለቻት። ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። ቤታችን ቢሸጥ ሸራው ይወርዳል፤ ሸራው ቢወርድ ደላላችን ሌላ እንዲህ ያለ ግድግዳ ከየት ያመጣሉ? ለካስ ለሽያጭ የቀረበ ቤት የለንም፤ ያለን ጣሪያ ያለው የሸራ መስቀያ ነው፤ እኔና ባለቤቴም መስቀያውን ከውስጥ የያዝን ሁለት ሚስማሮች ነን።

እንግዲህ ወደ ቀዳዳው ልምጣ። የውሉ አንቀጽ አሥራ አራት ሸራውን «ማንሣት፣ ማዛወርም ሆነ መሸፈን» ይከለክላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ዘንድሮ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም። «መቅደድ» የሚል ቃል ግን የለበትም። ይህንን ለባለቤቴ የነገርኳት ለጨዋታ ያህል ነበር። እሑድ ዕለት የድሮ የሥራ ቦርሳዋን ከቁም ሣጥን አናት እንዳወርድላት አዘዘችኝ። መቀሷን አውጥታ መስኮቱን ስትከፍት «ምን ልታደርጊ ነው አንቺ?» ብላት፣ «አርባ ዓመት ሙሉ ሰውን ከጠባብ ቦታ ሳወጣ ኖሬ፣ ለራሴ ሲሆን ይቸግረኛል?» አለችኝ። ሸራውንም ከጀርባው በመቀሷ ቀደደችው። በዚያ ክፍል ውስጥ ጉልበት እንጂ እጅ የታመመ የለም።

ስለዚህ ቀዳዳውን እደፍናለሁ። አራሚ ስለሆንኩ ቅደም ተከተል እወዳለሁና፣ መጀመሪያ ውሉ የተሰረዘበት አንድ ወረቀት ይድረሰኝ፤ ወረቀቱ በደረሰ በሰዓቱ እኔው ራሴ በመርፌ እሰፋዋለሁ። ለቀዳዳው ያሳዩትን ፍጥነት ለሰዎቹም ያሳዩ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ወረቀቱን ለማምጣት የሚመች ሰው ከታጣም እርስዎ ራስዎ ብቅ ይበሉ፤ ደረጃው ሃያ ሁለት ብቻ ነው፤ ሲወጡት ጉዳዩ ያለ አቤቱታ ይገባዎታል።

የመመሪያዎ አራሚ፣ የውሉ አክባሪ፣ የቤቱ ባለቤት ግን ሻጩ ያልሆነው፣ በአንድ እግሩ ታች በአንድ እግሩ ላይ ሆኖ መልስዎን የሚጠባበቀው ትሑት አገልጋይዎ።

ግልባጭ፦
ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ (ታሪኩን ስለሚያውቁት ማንበብ አይጠበቅባቸውም)
ለፌርማታው ተሰላፊዎች

ማስታወሻ፦ ደብዳቤዎ የቀዳዳውን ቦታ ከጨዋነት የተነሣ ሳይገልጽ አልፎታል። ቀዳዳው ያረፈው በደላላችን አፍ ላይ ነው። ባለቤቴ ከጀርባ ስለቀደደችው አላየሁም ትላለች፤ እኔ አምኛታለሁ፣ እርስዎ እንደፈለጉ። ከእሑድ ጀምሮ ፊቷን በዚያ አፍ ውስጥ አድርጋ ፌርማታው ላይ ቁጥር የሚጽፉትን ሁሉ «ልጄ፣ ተይ አትጻፊው፤ እኔም እዚህ የቀረሁት በዚሁ ቁጥር ነው» ትላቸዋለች። ቀዳዳው ይደፈን የሚሉ ከሆነ ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ያስቡልኝ፤ በዚያ አፍ እውነት ሲነገር ይህ የመጀመሪያው ነው።