የሞቱትም እንዲቆጠሩ የደከሙት ዶክተር ፀሐይቱ ጉዲሳ ዐረፉ

ከወንዝ ዳር ጠቅላላ ሆስፒታል፣ አቃቂ ቃሊቲ
ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሆስፒታላችን አስተዳደርና ሠራተኞች፣ የነርቭ ሕክምና ክፍል ኃላፊያችን ዶክተር ፀሐይቱ ጉዲሳ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለባልደረቦቻቸው፣ ለታካሚዎቻቸውና ለአካባቢያችን ሕዝብ የምናሳውቀው በከባድ ሐዘን ነው። እንዲህ በድንገት ይለዩናል ብለን አላሰብንም፤ አንጀታችን ተቃጥሏል።

ዶክተር ፀሐይቱ ዛሬ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት የእርሻ መሬት ላይ፣ ከአባታቸው ከአቶ ጉዲሳ ቢራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቄ ፈየራ በ1968 ዓ.ም. ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን አጠናቀው በጤና ጣቢያ ካገለገሉ በኋላ በ2001 ዓ.ም. ሆስፒታላችንን ተቀላቀሉ። በሥራ ላይ ቁጡ ነበሩ። የታካሚ ካርድ አበላሽቶ የጻፈ ሐኪም በኮሪደር ሲያያቸው መንገድ ይቀይር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ያንኑ ሐኪም ጠርተው ምሳ በልቶ እንደሆነ ይጠይቁታል።

በ2011 ዓ.ም. በጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ወደ ሆስፒታላችን የሚመጡ ሕሙማን መረጃ በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲያዝ አደረጉ። ሕመሙ ሲጀምር የት ነበሩ፣ ማን አመጣቸው፣ ሲቲ ስካን እስኪነሡ ምን ያህል ቆዩ፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር ወይ የሚሉት ጥያቄዎች የእርሳቸው ናቸው።

በ2014 ዓ.ም. ሆስፒታላችን ከሌሎች ሆስፒታሎች ጋር መረጃ የሚጋራበትን የጋራ ጥናት አስጀመሩ። ስምና አድራሻ ይወጣል፤ የሚላከው የሕክምናው ታሪክ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይላክም። የዳነ ሰው ለራሱ ይፈቅዳል፤ ለሞተው ግን ፈቃድ የሚሰጠው ቤተሰቡ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። አስከሬን ለመውሰድ የቆመን ቤተሰብ ስለ ጥናት ለመጠየቅ የደፈረ ሁሉ እንባና ቁጣ ይዞ ተመለሰ። ከአጋሮቻችን በኩል የሞቱት ከጥናቱ ይቅሩ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ዶክተር ፀሐይቱ በስብሰባው ላይ የተናገሩት በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፦ «የዳኑትን ብቻ ይዘን ከወጣን በዚህ በሽታ ሰው የማይሞት ይመስላል። እኛንም ያታልለናል።»

ከዚያ በኋላ ሥራውን ራሳቸው ያዙት። በክርስቲያን ቤት አርባው እስኪወጣ፣ በሙስሊም ቤት ደግሞ የቤተሰቡን ሽማግሌዎች አማክረው ሐዘኑ በረድ እስኪል ይጠብቃሉ። ከዚያ በሚኒባስ ተሳፍረው፣ ያለ ነጭ ጋወን፣ ቤት ድረስ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ነፍስ ይማር ብለው ይቀመጣሉ፤ ስለ ጥናቱ የሚያነሡት ቤተሰቡ ራሱ ስለ ሕመሙ ማውራት ከጀመረ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የእኛ መረጃ ከሁሉም ሆስፒታል ኋላ ይደርስ ነበር። ባልደረቦቻቸው «ዶክተር አርባ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ እርሳቸውም ይስቁ ነበር።

የቱሉ ዲምቱዋ ባለሱቅ ወይዘሮ መርዋ ሙህዲን ባለቤታቸውን በዚህ ሕመም ያጡ ናቸው። በቀብሩ ዕለት ለሕዝቡ የተናገሩትን በፈቃዳቸው እናካፍላለን፦ «መጀመሪያ ተቆጥቻቸው ነበር። ባሌ ከሞተ በኋላ ደግሞ ምን ቀራችሁ? ሂዱና የዳነውን ጠይቁ እንጂ አልኳቸው። እሳቸውም፣ የዳነውንማ ጠየቅነው፤ እሱ ቶሎ ደርሷል፤ እርስዎ ግን ያን ቀን ከየት ወዴት ሲንከራተቱ እንደዋሉ ከእርስዎ በቀር ማን ይነግረናል አሉኝ። ያን ቀን እንዴት እንደዋልኩ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አልቅሼ ነገርኳቸው።»

እንዲህ የተሰበሰበው መረጃ በ2016 ዓ.ም. ሲተነተን፣ ከሞቱት አብዛኞቹ ሲቲ ስካን ወደሌለባቸው ሁለትና ሦስት ቦታዎች ተወስደው እንደነበር ታየ። የዳኑት መረጃ ብቻውን ይህን አያሳይም ነበር። ዛሬ በዙሪያችን ያሉ ጤና ጣቢያዎች እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲያጋጥማቸው አስቀድመው ደውለው ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል በቀጥታ ይልካሉ። በዚህም የተረፉ ሰዎች በመካከላችን አሉ።

ዶክተር ፀሐይቱን የነጠቀንም ይኸው ሕመም ነው። ይህን የምንገልጸው ባለቤታቸው አቶ ቀናው አያና በቀብሩ ላይ ራሳቸው ስለተናገሩት ብቻ ነው።

ለአቶ ቀናው፣ ለልጃቸው ለየአብስራ፣ ለመላው ዘመዶቻቸውና አብረዋቸው ለደከሙ ባልደረቦች ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልን። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

በመጨረሻም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ዶክተር ፀሐይቱ ሆስፒታል ሲደርሱ ራሳቸውን ስለሳቱ ለራሳቸው መረጃ የሰጡት ፈቃድ የለም። «እሳቸው ቢሆኑ እሺ ይሉ ነበር» የሚሉ አሉ፤ ይህ ግምት እንጂ ፈቃድ አይደለም። የዘንድሮው የጥናቱ መዝገብ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ አርባቸው ግን ሐምሌ 21 ነው። ቀኑ እንዲራዘም ጠይቀን እስካሁን መልስ አላገኘንም። ስለዚህ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ማንኛውም ሠራተኛ፣ ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ፣ በባለቤታቸውም ሆነ በልጃቸው ፊት ስለ ጥናቱ አንዲት ቃል እንዳያነሣ እናሳስባለን። አልቅሰን፣ አጽናንተን እንመለሳለን። መዝገቡ ያለ እርሳቸው ሊዘጋ ይችላል፤ ይዘጋ።